የወይኑ በርሜል አርፏል

ሬሳውን ያገኘችው የመጠጥ ቀማሿ ናት። የሥራ ቀን በሆነ ቁጥር ሽቶ አትቀባም፣ ቅመም የበዛበት ቁርስ አትበላም፤ አፍንጫዋና ምላሷ የእንጀራ ገመዷ ናቸውና እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃቸው። በዚያ ጠዋትም እንደ ወትሮዋ ደረጃውን ወጥታ የቅምሻ ክፍሉን በር ስትከፍት፣ የቤቱን ባለቤት ጋሼን ከረጅሙ ጠረጴዛ ሥር በጎናቸው ተኝተው አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ምነው እዚህ ብርድ ላይ?» አለቻቸው። ከዚያ ነው ከራሳቸው ሥር የደረቀውን ደም ያየችው።

ጩኸቷን ሰምቶ በመጀመሪያ የደረሰው ከታች መጋዘን የሚሠራው በርሜል ጠጋኙ ነበር። ሰውየው ቃል ከአፉ በመከራ ስለሚወጣ ሠራተኛው ሁሉ ሲያሾፍበት «ሬዲዮ» ይለዋል። እሱ በሩ ላይ ቆመ፣ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፤ አንድም ነገር ሳይናገር ተመልሶ ወረደና በርሜሎቹ መሃል ተቀመጠ። ይኸው አወራረዱ ኋላ ጣጣ አመጣበት። ሰው ሲሞት ያልጮኸ፣ ገዳዩ እሱ ነው ማለት ለብዙ ሰው ይቀላል።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከኋላ፣ አንድ ጊዜ። በዚያ የእንጨት መዶሻ።»

መዶሻው ከወንበሩ ሥር ወድቋል፤ ጋሼ ለናሙና በሚያስቀምጧት ትንሽ በርሜል አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጥ፣ ውታፉን መትተው የሚከፍቱበት ነው። የተሰበረ ነገር የለም፤ የተሰረቀም የለም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ አፋቸው ጠበብ ያሉ ሁለት ብርጭቆዎች። ሁለቱም ውስጥ ቀይ ወርቃማ መጠጥ አለ፤ ቢያዩዋቸው መንትያ ናቸው።

«ሁለት ብርጭቆ ካለ ሁለት ጠጪ አለ» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ወሬ የሚወድ፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚወድ፣ ከሁሉም በላይ ምሳ የሚወድ ሰው ነው። «ገዳዩ አብሯቸው የሚቀመጥ የቅርብ ሰው ነው ጌታዬ።»

«እስቲ ቀስ በል» አለው ኢንስፔክተሩ።

ስለ ኢንስፔክተሩ ትንሽ ልንገራችሁ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ በቀር የሚናገር የለም። ቧንቧውን የማያሠራውም ለዚሁ ነው ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። መጠጥ አይቀምስም። ሃይማኖት ከልክሎት አይደለም፣ ብቻውን መጠጣት ከጀመረ እንደማያቆም ስለሚያውቅ እንጂ።

ቀማሿን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣትና «እዚህ ቤት ምንድነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቃት።

«ተኪላ እናሳርፋለን።»

«ታሳርፋላችሁ?»

ዓይኗን ጠረገች። «ቃሉ ለዛሬ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ነው የምንለው። ተኪላው ከባሕር ማዶ በጥሬው ይመጣል። የቃጫ ዘመድ ከሆነ እሾሃም ተክል ነው የሚወጣው፤ የተክሉን ልብ አብስለው፣ ጨምቀው፣ ያነጥሩታል። ሲመጣ እንደ ውሃ ነጭ ነው፣ ቁጡም ነው። ጋሼ ቀይ ወይን የነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ይከቱታል። ወይኑ ከወጣ ቆይቷል፣ እንጨቱ ግን አይረሳውም። መጀመሪያ ሁለቱ ይጣላሉ። ተኪላው ይጮኻል፣ ወይኑ ያኮርፋል። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ይታረቃሉ። ያኔ ሬዲዮ በቀጭን ቱቦ ስቦ ይቀምስና ‹አርፏል› ይላል። ከዚያ ነው ጠርሙስ የሚገባው።»

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን ብርጭቆዎች አሳያት። «ሳትነኪ፣ ምን እንደሆኑ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

ጎንበስ አለች። አፍንጫዋን ብርጭቆው ውስጥ አልከተተችም፤ ከአፉ ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ ነው ያሸተተችው። በቀኙ ላይ ቆየች። ፊቷ ለቅጽበት በራ።

«ይሄ የጋሼ ነው። መጀመሪያ የበሰለው ተክል ጣፋጭነት፣ ከዚያ እንጆሪ፣ ከዚያ ደረቅ በለስ፣ መጨረሻ ላይ ቀረፋ። እየተጠባበቁ ነው የሚመጡት።» ወደ ግራው ዞረችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «ይሄ አላረፈም። ቀለም ነው፤ ከላዩ ቫኒላ የሚሸት ነገር ጠብ ተደርጎበታል። ቫኒላው ብቻውን ሮጦ ይመጣል፣ ከኋላው ማንም የለም።»

«ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

«እኔ በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። በርሜሉን የሚነካው ሬዲዮ ነው። ጠርሙሱን የሚያሳሽገውና የሚሸጠው የጋሼ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ የሚሰጠኝን እቀምሳለሁ።»

ታናሽ ወንድምየው እያለቀሰ ደረሰ። ደንዳና ሰው ነው፤ ከረባቱ ተጣሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወንበር ሲሰጡት እንደ ጆንያ ዘፍ አለበት።

«ነግሮኝ ነበር!» አለ ጉልበቱን እየመታ። «ያ ሬዲዮ የምትሉት ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ደንቆሮው!»

«ምን ብሎ?»

«ትናንት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ደወለልኝ። ‹አርፏል፣ ነገ ይምጡ› አለኝ። እኔ በርሜል መስሎኝ እሺ ብዬ ዘጋሁ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ሞተ ሲሉኝ ነው የገባኝ። ገድሎት፣ በስልክ ሊሳለቅብኝ ነው!»

«ቃሉን እርግጠኛ ነዎት?»

«‹አርፏል› ነው ያለው። ይኼንን ቃል መቃብር እስክገባ አልረሳውም።»

«እርስዎስ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ወንዝ ማዶ ያለው ሆቴል። ደንበኛችን ናቸው። ጠዋት ሄጄ እዚያው አመሸሁ።»

ሳጅኑ ኢንስፔክተሩን በዓይኑ ጠቀሰው። ጉዳዩ አለቀ፣ ምሳ እንሂድ ማለቱ ነው።

ሬዲዮን ፖሊስ ጣቢያ ወስደው አስቀመጡት። እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ መዳፉ ውስጥ የእንጨት ስንጥር ገብቶ የዳነባቸው ጠባሳዎች አሉ።

«ለታናሽየው ደውለሃል?»

«ደውያለሁ።»

«ምን አልክ?»

«አርፏል።»

«ማን?»

«በርሜሉ።»

ሳጅኑ ሳቁን ለቀቀው። «በርሜሉ! ሟቹ ላይ ተቀምጠህ ስለ በርሜል!»

«ለጋሼ ለምን አልነገርካቸውም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስልካቸው አልተነሣም። ወጣሁ፣ በሩ ዝግ ነው። ከምሳ በኋላ እዚያው ይተኛሉ፣ አንዳንዴ እስኪመሽ። እንቅልፍ አልቀሰቅስም።»

«እላይ ሰው ሲመታ እንዴት አልሰማህም? ቤቱ ውስጥ ከአንተ በቀር ማንም አልነበረም።»

«የበርሜል ቀለበት እየመታሁ ነበር። ብረት በብረት። ምንም አይሰማም።»

ውሃ የማያነሣ መልስ ነው። ለኢንስፔክተሩ ራሱ ቀለለበት። የጓሮው በር ቁልፍ ላለው ሁሉ ክፍት ነው ብሎ አሰበ፣ ግን ቁልፍ ያለው ማን ሁሉ እንደሆነ ሲቆጥር ሬዲዮም ከመሃላቸው ነበር። ወደ እስር ክፍሉ ሊወስዱት ሲያስነሡት ሰውየው ከዚያን ጊዜ በፊት ያልተናገረውን ያህል ባንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«በርሜሉን ማን ያወጣዋል? ካረፈ በኋላ ከቆየ ወይኑ ያይልበታል። የጋሼ ድካም ነው። ማን ያወጣዋል?»

ወሰዱት። የጣቢያው አዛዥ በበኩሉ ለኢንስፔክተሩ ቁርጡን ነገረው። «ሰውየው ነበረ፣ መዶሻ ያውቃል፣ መጠጡን ማጭበርበር የሚችል እሱ ነው፣ በስልክም በገዛ አፉ ተናግሯል። እስከ ዓርብ ሌላ ነገር ካላመጣህ በግድያ ይከሰሳል። በዚህ ዕድሜው ከገባ ደግሞ ሬሳው ነው የሚወጣው።»

ኢንስፔክተሩ ምሳውን ሁልጊዜ ከሚበላበት ቤት በላ። አስተናጋጇ ሁልጊዜ እንደምታደርገው «ብቻዎን ነዎት?» አለችው። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው «አዎ» አላት። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ይኼን ተረት ያወጣው ሰው ሚስት ያልሞተችበት መሆን አለበት ብሎ አሰበና ሳህኑን ገፋው። ልቡ አላረፈለትም። ገዳይ ስለ በርሜል አይጨነቅም። ወይም ይጨነቃል? እሱ ምን ያውቃል፣ በርሜል ወዶ አያውቅ።

በሦስተኛው ቀን ሬዲዮ የተከራየውን ክፍል ሊፈትሽ ሄደ። አልጋ፣ ምድጃ፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ አበባ። መሃል ላይ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ባዶ እንጨት ነው፤ አንዱ ላይ ግን ለስለስ ያለ ትራስ በእጅ ተሰፍቶበታል።

«ትራሱ የማን ነው?» አለ አከራይዋን።

«የሽማግሌው ነዋ!» አሉ አከራይዋ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ጋሼ የሚላቸው። ወገባቸውን ያማቸዋል ብሎ ራሱ ነው የሰፋው፣ ያን በሚያህል ጣት! እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር። እኔ ስንት ዘመን ቤት ሳከራይ እንደ እነሱ ዓይነት እንግዳና ባለቤት አላየሁም ልጄ። አያወሩም። ጠብ ጠብ አድርገው ይቀዱና ያሸታሉ፣ ጥቂት ይጎነጫሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉታል፣ ተያይተው ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ እነሱ ይወቁ።»

«ተጣልተው ያውቃሉ?»

«በምን አፍ ይጣላሉ? እሱ እንደሆነ ከእኔ ጋር ሲያወራ ስለሳቸው ብቻ ነው። ‹እሳቸው እንዳሉት›፣ ‹እሳቸው ሲቀምሱ›፣ ‹እሳቸው ይወዱታል›። ስለ ራሱ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። አሁን ማን አለው? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይላሉ፤ የሱ መድኃኒት አንድ ሽማግሌ ነበሩ።»

ኢንስፔክተሩ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«ምን አሉኝ? እንዴት ነው የሚጠራቸው?»

«እሳቸው ነዋ። ሌላ ምን ይበላቸው?»

ደረጃውን ሲወርድ የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ ነበር።

የእስር ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ምግቡን አልነካም። ኢንስፔክተሩ ከፊቱ ተቀመጠ፤ ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼን ‹አንተ› ብለሃቸው ታውቃለህ?»

ሰውየው በጥፊ እንደተመታ ቀና አለ። «እኔ? ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

«በሌሉበትም? ከሰው ጋር ስታወራ?»

«በሌሉበት ደግሞ ይብሳል።»

«እንግዲያው ለሰው መሞታቸውን ብትናገር፣ ምን ብለህ ትናገራለህ?»

 የሬዲዮ ከንፈር ተንቀሳቅሶ ተወ። በመጨረሻ «አልናገርም» አለ፤ ቀጥሎም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ግድ ከሆነ... አርፈዋል።»

«አርፈዋል» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ሳጅኑ እየዞረ። «ሰማህ? አርፏል አይደለም። አርፏልማ በርሜል ነው።»

ሳጅኑ ምሳ ትዝ ያላለው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አሁን ደግሞ ሌላ ልጠይቅህ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አርፏል ስትላቸው፣ ታናሽየው ምን መለሱልህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔ ጠየቅኩህ። እሺ ብለው ዘጉ?»

«የለም። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ‹ማን አገኘው?› አሉኝ።»



«አንተስ?»

«እኔ ነኝ፣ አሁን ቀመስኩት አልኳቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።»

«ይኼንን ለምን እስካሁን አልተናገርክም፣ አንተ ሰው!»

«ቀልድ መስሎኝ» አለ ሬዲዮ። «ታናሽየው ይቀልዳሉ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድምየውን የቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ቀጠሩት። ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ ጨርቁ ተቀይሯል። ቀማሿ ካረፈው በርሜል የወጣውን ለኢንስፔክተሩ፣ ለሳጅኑና ለታናሽየው ቀዳች፤ የሬዲዮን ጭንቀት ሰምታ ወይኑ ሳያይልበት አውጥታው ነበር።

«እኔ አልጠጣም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አይጠጡት። ይቅመሱት» አለችው። «የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስዎን ለማስተዋወቅ ናት፤ አይፍረዱባት። በሁለተኛዋ ነው ነገሩ። ጨው፣ ሎሚ የሚባል ነገር የለም። እሱ መጥፎውን ለመሸፈን ነው።»

አሸተተ። ጎነጨ። የመጀመሪያዋ አቃጠለችው። ሁለተኛዋን ምላሱ ላይ ያዛት፤ መጀመሪያ ጣፋጭ ሥር መጣ፣ ቀጥሎ ቀይ ወይን ከሩቅ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው። ደረቱ ሞቀ። ለማን ልንገረው ብሎ አሰበ፤ የሚነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ አለውና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እርስዎስ እንዴት አገኙት?» አለ ታናሽየውን።

«ግሩም ነው። እንደ ሁልጊዜው።»

«ሬዲዮ ከዚህ በፊት ስንቴ ‹አርፏል› ብሎ ደውሎልዎታል?»

«በርሜል በደረሰ ቁጥር። ለዓመታት።»

«ሲደውል ምን ይሉታል?»

«ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ ነዋ። ምን እላለሁ?»

«‹ማን አገኘው?› ብለውት ያውቃሉ?»

ታናሽየው ብርጭቆውን ሊያነሣ ዘርግቶት የነበረው እጅ ጨርቁ ላይ ተኛ።

«ያ ሰው ስለ ወንድምዎ ቢናገር ‹አርፈዋል› ነበር የሚለው» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁን አላነሣም። «እርስዎ ግን ወንድምዎን ‹እሱ› ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ‹አርፏል› ሲባሉ ሌላ የሚያርፍ ነገር አልታየዎትም። ዕድሜ ልክዎን በርሜል ነው ብለው የሰሙትን ቃል፣ በዚያች ምሽት ብቻ ሬሳ ነው ብለው ሰሙት። ሬሳ መኖሩን የሚያውቅ ደግሞ ያኔ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሳጅኑ ቀጠለ። «ከሆቴሉ ነው የመጣሁት። ከምሳ በፊት ነው የወጡት አሉኝ፤ የተመለሱት ለእራት ነው። መኪናዎ ውስጥ ደግሞ የቀለምና የቫኒላ ጠርሙስ አግኝተናል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ታናሽየው ቀማሿን አያት፤ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ጠበቀኝ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «‹የትኛው የኔ ነው? ቀምሰህ ለይ› አለኝ። ቀመስኩ። መለየት አልቻልኩም። እዚህ ቤት ፀጉሬ ሸብቶ፣ መለየት አልቻልኩም። ሳቀ። ነገ ደንበኞቹን ሁሉ ጠርቼ ያንተን መሬት ላይ እደፋዋለሁ አለ፣ ዞረና... መዶሻው እጄ አጠገብ ነበር። ከታች ያ ሰው ብረቱን ይቀጠቅጣል፤ ዓለም አይሰማም። ማታ ደውሎ ‹አርፏል› ሲለኝ፣ ያየኝ መሰለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ነው ለእናንተ የተናገርኩት።»

«ባይናገሩ ኖሮ ማንም ስለዚያ ስልክ አይጠይቅም ነበር» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን እያወጣ።

ኢንስፔክተሩ የእስር ክፍሉን በር ራሱ ከፈተ። ሬዲዮ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ተረከበ። ኢንስፔክተሩ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ሰውየው የጫማውን ማሰሪያ እያጠላለፈ ሰማ። አልተራገመም፣ አላመሰገነም። ማሰሪያውን አስሮ ሲጨርስ ብቻ ቀና አለ።

«ጋሼስ? ቀብራቸው መቼ ነው?»

ኢንስፔክተሩ ይኼንን አላሰበበትም ነበር። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሰውየውን ስለ መዶሻ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ስልክ ሲጠይቁት፣ እግዜር ያጽናህ ያለው አንድም ሰው እንዳልነበረ አሁን ገባው። እፍረት ፊቱን አቃጠለው።

«ትናንት ተቀብረዋል» አለ።

«ትናንት።»

«አዎ። እኔም ነበርኩ።»

ሬዲዮ አንገቱን ነቀነቀ። «ማን ተሸከማቸው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን ለዚህ ሰው የሚሆን ውሸት አጣ።

«ታናሽየው። ከፊት ሆኖ። ሲያወርዷቸውም ገመዱን የያዘው እሱ ነበር፤ አንዴ አመለጠውና ሣጥኑ ድንጋይ መታ።»

ሰውየው ሊነሣ ጀምሮ የነበረውን ትቶ አግዳሚው ላይ መልሶ ተቀመጠ። ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ አያቸው፣ ገለበጣቸው። እንባው ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ ያለ ድምፅ፣ ለብዙ ጊዜ።

«እኔ ብሆን» አለ፣ «ቀስ አድርጌ ነበር የማወርዳቸው።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኑን በእጁ ምልክት አሰናበተውና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱንም ቤት የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አልተቸኮሉም።